የሃርድ ዲስክ አቅምና ፍጥነት፦ ብዙ መያዝ ፈጥኖ መስጠት ነውን?

ላፕቶፕ ለመግዛት ወደ ገበያ የሚወጣ ተማሪ ከሻጩ አንደበት አስቀድሞ ከሚሰማቸው ቁጥሮች አንዱ የሃርድ ዲስኩ አቅም ነው። «ባለ 500 ጊጋ»፣ «ባለ 1 ቴራ» የሚሉ አገላለጾች በየሱቁና በየማስታወቂያው በጉልህ ይነበባሉ። ከዚህም የተነሣ ብዙዎች ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን እንደ አንድ ሲመለከቷቸው እንታዘባለን። አንደኛው «ይህ ዲስክ ምን ያህል ይይዛል?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «የያዘውን ምን ያህል ፈጥኖ ይሰጣል?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የተሰጠው ቁጥር ለሁለተኛውም መልስ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍም መፍትሔው ሰፋ ያለ ዲስክ መግጠም እንደሆነ ይነገራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይቶ ማሳየት ነው። በእኛ እምነት ጉዳዩ ለቴክኒክ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ቤተሰብ ለወራት ቆጥቦ የሚገዛው ላፕቶፕ፣ ትምህርት ቤት በውሱን በጀት የሚያደራጀው የኮምፒዩተር ክፍል፣ እንዲሁም ገና ማገልገል እየቻለ «አርጅቷል» ተብሎ መጋዘን የሚገባው መሣሪያ ዕጣ ፈንታ በዚህ ልዩነት ላይ ይወሰናል። ደግነቱ ልዩነቱን ለመረዳት የሚያስፈልገው ፊዚክስ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ብዙ የሚርቅ አይደለም።

ዲስኩ ሥራውን እንዴት ያከናውናል?

ለላፕቶፕ የሚሠራው ሃርድ ዲስክ በአብዛኛው ባለ 2.5 ኢንች በመባል የሚታወቀው ነው። በውስጡ ማግኔታዊ ቅብ ያላቸው አንድ ወይም ከአንድ በላይ የሆኑ ክብ ሳሕኖች አሉ። ሳሕኖቹ በአንድ ዘንግ ላይ ሆነው አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራሉ፤ 7,200 ጊዜ የሚዞሩም አሉ። መረጃው የሚጻፈው በሳሕኑ ገጽ ላይ፣ አንዱ ሌላውን በከበቡ እጅግ ቀጫጭን ክብ መስመሮች ላይ ሲሆን፣ እነዚህ መስመሮች ትራክ ይባላሉ። ከሳሕኑ ገጽ በላይ በጣም ስስ በሆነ የአየር ንጣፍ ላይ የምትንሳፈፍ ጥቃቅን ማንበቢያና መጻፊያ አለች። እርስዋም በአንድ ክንድ ጫፍ ላይ ተይዛ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ትመላለሳለች።

ኮምፒዩተሩ አንድ መረጃ በጠየቀ ቁጥር ሦስት ነገሮች በተከታታይ ይፈጸማሉ። በመጀመሪያ ክንዱ ማንበቢያዋን ከምትፈለግበት ትራክ ያደርሳታል። ይህ ጉዞ በላፕቶፕ ዲስክ ላይ በአማካይ 12 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ቀጥሎ ሳሕኑ እየዞረ የሚፈለገው ቦታ ከማንበቢያዋ ሥር እስኪደርስ ይጠበቃል። በመጨረሻ መረጃው ከማንበቢያዋ ሥር ሲያልፍ ይነበባል።

የሁለተኛውን ደረጃ ጊዜ ማንኛውም ተማሪ ሊያሰላው ይችላል። በደቂቃ 5,400 ዙር ማለት በሰከንድ 90 ዙር ማለት ነው፤ ስለዚህ አንዱ ዙር 11.1 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። የሚፈለገው ቦታ አንዳንዴ ቅርብ፣ አንዳንዴ ሩቅ ስለሚሆን አማካዩ የግማሽ ዙር ጊዜ፣ ማለትም 5.6 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ለሦስተኛው ደረጃ ደግሞ ዲስኩ በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ይሰጣል እንበል። የሚፈለገው 4 ኪሎባይት የምታህል ትንሽ ቁራጭ ብትሆን ንባቧ 0.04 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ይፈጃል።

ሦስቱን ስንደምር 17.64 ሚሊ ሰከንድ እናገኛለን። እዚህ ላይ አንባቢው ቆም ብሎ እንዲያስተውል እንጠይቃለን። ከዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ በእርግጥ ለንባብ የዋለው ከ1 በመቶ ሩቡን እንኳ አይሞላም። የቀረው መሄድና መጠበቅ ነው። ዲስኩ በዚህ አኳኋን በአንድ ሰከንድ ሊያስተናግድ የሚችለው ጥያቄ ወደ 57 ይደርሳል፤ የሚሰጠውም መረጃ 228 ኪሎባይት ገደማ ነው። በተከታታይ ሲያነብ 100 ሜጋባይት የሚሰጠው ያው ዲስክ፣ የተበታተኑ ቁርጥራጮችን ሲያነብ ከ400 እጥፍ በላይ ይንቀራፈፋል ማለት ነው።

ላፕቶፕ ሲበራ፣ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ሲከፈት፣ ወይም ራሙ ሞልቶ ኮምፒዩተሩ በዲስኩ ላይ መደገፍ ሲጀምር የሚነበቡት በየቦታው የተበታተኑ ብዙ ጥቃቅን መረጃዎች ናቸው። ተማሪው «ላፕቶፔ ተንቀራፈፈ» የሚልበት ጊዜ ባብዛኛው ይህ ነው። በዊንዶውስ ታስክ ማናጀርን ከፍቶ የተመለከተ ሰው፣ ዲስኩ 100 በመቶ ሥራ ላይ ነው እየተባለ የሚተላለፈው መረጃ ግን በሰከንድ 1 ሜጋባይት እንኳ የማይሞላበትን ሁኔታ ያገኛል። ይህ የዲስኩ ብልሽት ምልክት መሆን የለበትም። ከላይ ያሰላነው ስሌት በመስኮቱ ላይ ታየ ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል።

አቅሙ ሲጨምር ምን ይለወጣል?

አምራቾች የዲስክን አቅም የሚያሳድጉት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የሳሕኖቹን ቁጥር መጨመር ነው። ይህ ለፍጥነት የሚያመጣው ጥቅም የለም ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም በተለመደው አሠራር ማንበቢያዎቹ ሁሉ በአንድነት ቢንቀሳቀሱም በአንድ ጊዜ የምታነበው አንዷ ብቻ ናት። ለአንድ ጎተራ ሌላ ጎተራ ቢጨመርለትም እህሉን የሚሰፍረው ሰው አንድ ከሆነ የስፍሩ ፍጥነት አይጨምርም።

ሁለተኛው መንገድ የመረጃውን እፍግታ ማሳደግ፣ ማለትም በዚያው ስፋት ላይ ብዙ መረጃ ማጨቅ ነው። እዚህ ላይ አቅምና ፍጥነት በእርግጥ ይገናኛሉ፤ ሆኖም ግንኙነታቸው ብዙዎች እንደሚገምቱት አይደለም። እፍግታው 4 እጥፍ አደገ እንበል። ይህ ዕድገት በሁለቱ አቅጣጫዎች እኩል ቢከፋፈል የትራኮቹ ቁጥር 2 እጥፍ፣ በእያንዳንዱ ትራክ ላይ የተደረደረው መረጃም 2 እጥፍ ይሆናል። ሳሕኑ በአንድ ዙር ለማንበቢያዋ የሚያቀርብላት የአንዱን ትራክ መረጃ ብቻ ስለሆነ የተከታታይ ንባብ ፍጥነት 2 እጥፍ እንጂ 4 እጥፍ አያድግም። በሌላ አነጋገር ፍጥነቱ የሚከተለው የአቅሙን ስኩዌር ሩት ነው። ከዚህ የሚከተለው ውጤት ደግሞ ያስገርማል፦ 4 እጥፍ መረጃ በ2 እጥፍ ፍጥነት ሲነበብ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ የሚፈጀው ጊዜ በእጥፍ ይረዝማል። ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት እየሰጠ ሙሉ በሙሉ ለመነበብ 10,000 ሰከንድ፣ ማለትም 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ገደማ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ በእፍግታ ዕድገት የሚጠቀመው የትኛው ጊዜ ነው? ሦስተኛው፣ ያም 0.04 ሚሊ ሰከንድ የሆነው ነው። እርሱን በግማሽ ብንቀንሰው ከ17.64 ወደ 17.62 እንወርዳለን። የመዞሩ ጥበቃ በአቅም አይነካም። የክንዱ ጉዞ ግን በመጠኑ ሊያጥር ይችላል፤ ያው መጠን ያለው መረጃ በትልቅ ዲስክ ላይ ጠበብ ባለ ቀለበት ውስጥ ስለሚሰበሰብ ነው። ይህን ጥቅም መካድ አይገባም፤ ግን ዲስኩ እየሞላ ሲሄድ አብሮ የሚጠፋ ጥቅም ነው።

የዲስክ መሙላት ሌላም መዘዝ አለው። ሳሕኑ በአንድ ወጥ ፍጥነት ስለሚዞር በዳር ያለው ነጥብ በውስጥ ካለው ነጥብ ይልቅ በአንድ ዙር ረጅም መንገድ ይጓዛል። የዳር ትራኮች ዙሪያቸው ትልቅ በመሆኑ የሚይዙት መረጃም የበለጠ ነው፤ ስለዚህ በዳር ያለው የንባብ ፍጥነት ከውስጠኛው ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ይሆናል። ዲስኩ መረጃን ባብዛኛው ከዳር ጀምሮ ስለሚደረድር፣ ሲሞላ የሚቀሩት ቀርፋፎቹ የውስጥ ትራኮች ናቸው። ባዶው ቦታ ሲያንስም አንዱ ፋይል ተቆራርጦ በየቦታው ይበታተናል፤ ይህም ክንዱን ያመላልሰዋል። እንግዲህ «ዲስኬ ስለሞላ ተንቀራፈፈ» የሚል ሰው ከእውነት የራቀ አይደለም። የሚሳሳተው ዲስኩ ባዶ ቢሆን ኖሮ ፈጣን ይሆን ነበር ብሎ ሲደመድም ነው።

የታሪክ ምስክርነት

በዓለም የመጀመሪያው የሃርድ ዲስክ መሣሪያ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1956 በአይቢኤም ኩባንያ ነበር። ራማክ ለተባለው ኮምፒዩተር የተሠራው ይህ መሣሪያ ዲያሜትራቸው 24 ኢንች የሆኑ 50 ሳሕኖች ነበሩት፤ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላት ሲሆን አንድ መረጃ ፈልጎ ለማግኘት በአማካይ 600 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበት ነበር። ከዚህ ጋር ከኪስ የማይበልጠውን ባለ 1 ቴራባይት የላፕቶፕ ዲስክ እናወዳድር። አቅሙ ወደ 200,000 እጥፍ አድጓል። መረጃ ፈልጎ የማግኘት ፍጥነቱ ያደገው ግን ወደ 35 እጥፍ ብቻ ነው።

የሁለቱ ዕድገት ለምን ይህን ያህል ተራራቀ? አቅም የማግኔታዊ ቁስ ፊዚክስ ጉዳይ በመሆኑ ትላልቅ ግኝቶች ከፍ ከፍ አድርገውታል። ለምሳሌ አልበርት ፌርትና ፒተር ግሩንበርግ እ.ኤ.አ. በ1988 በየፊናቸው የደረሱበት፣ በጣም ስስ በሆኑ ማግኔታዊ ንጣፎች ላይ የሚታየው ከፍተኛ የሬዚስታንስ ለውጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በገበያ ላይ በዋሉ ዲስኮች ማንበቢያ ውስጥ ገብቶ እጅግ ደካማ የሆነ ማግኔታዊ ምልክትን ለማንበብ አስችሏል። ሁለቱ ሳይንቲስቶች ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2007 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ፍጥነት ግን የሜካኒክስ ጉዳይ ነው። ክንዱ ክብደት አለው፤ ማስነሣትና ማቆም ይጠይቃል። ሳሕኑን በእጥፍ ፍጥነት እናዙረው ብንል በአየር ግጭት ምክንያት በየሰከንዱ የሚባክነው ኢነርጂ 7 ወይም 8 እጥፍ ይሆናል። በባትሪ ለሚሠራና ሙቀቱን ማስወጣት ለሚቸግረው ላፕቶፕ ይህ የማይታሰብ ነው። ከ5,400 ወደ 7,200 ዙር የሚደረገው ሽግግር እንኳ ከአማካዩ ጥበቃ ላይ የሚቀንሰው 1.4 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ይህም ከጠቅላላው ወደ 8 በመቶ ነው። የኒውተን ሕግ በገበያ ማስታወቂያ አይሻርም።

ሰፊው የሚዘገይበት ጊዜም አለ

አቅም ፍጥነትን ጭራሽ የሚጎዳበት ሁኔታም እንዳለ ተማሪዎች ሊያውቁ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለገበያ በቀረቡ አንዳንድ ዲስኮች ላይ ትራኮቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጫፍ ለጫፍ ተደራርበው ይጻፋሉ። በዚህ ዘዴ በዚያው ሳሕን ላይ ብዙ ትራኮች ይገባሉ። ይሁን እንጂ ከመካከል አንዱን ቆርቆሮ ለመለወጥ የፈለገ ሰው በላዩ የተደረበውን ሳያነሣ እንደማይችል ሁሉ፣ አንዱን ትራክ እንደገና ለመጻፍም ከእርሱ ጋር ተደራርበው የተጻፉትን አብሮ መጻፍ ያስፈልጋል። ንባቡ ደኅና ሆኖ ሳለ በየጊዜው የሚደረገው ጽሕፈት ግን በእጅጉ ሊዘገይ ይችላል። በርካታ ባለ 1 እና ባለ 2 ቴራባይት የላፕቶፕ ዲስኮች በዚህ ዘዴ የተሠሩ ናቸው። አንዳንድ አምራቾች ይህን ሳይገልጹ ይሸጡ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ሆኖ ብዙ ተጠቃሚዎችን አስቆጥቷል። በእኛ አስተያየት ቁጣው ተገቢ ነበር፤ ገዢ የሚከፍልበትን ነገር ባሕርይ የማወቅ መብት አለውና።

ኤስኤስዲ፦ አቅም በእርግጥ ፍጥነት የሚሆንበት

ዛሬ አዳዲስ ላፕቶፖች በአብዛኛው የሚመጡት በኤስኤስዲ ነው። ኤስኤስዲ የሚዞር ሳሕንም ሆነ የሚመላለስ ክንድ የለውም። መረጃው የሚቀመጠው በቺፕ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ክፍሎች በታገዱ ኤሌክትሮኖች አማካይነት ነው። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሱት 12 እና 5.6 ሚሊ ሰከንዶች ከነአካቴው ይቀራሉ፤ አንድን ቁራጭ ፈልጎ ለማግኘት የሚፈጀው ጊዜ ወደ 0.1 ሚሊ ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ተማሪው ወዲያው የሚሰማው ልዩነት ይህ ነው።

እዚህ አቅም ትርጉሙ ይለወጣል። አንዱ ቺፕ ብቻውን ሲጽፍ ቀርፋፋ ነው፤ ብዙ ቺፖች ግን ሥራውን ተከፋፍለው በአንድ ጊዜ ይጽፋሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶቻችን አባባል በኤስኤስዲ ውስጥ በተግባር ይታያል። ከአንድ አምራች አንድ ሞዴል መካከል ባለ 128 ጊጋባይቱ ከባለ 512ቱ ይልቅ ሲጽፍ ቀርፋፋ ሆኖ የሚገኘው ቺፖቹ ጥቂት ስለሆኑ ነው። ጥቅሙ ግን ወሰን አለው፤ ሳታ በተባለው መግጠሚያ የሚሠራ ኤስኤስዲ ቺፖቹ ምንም ቢበዙ በሰከንድ ከ550 ሜጋባይት ገደማ ብዙም አያልፍም።

ኤስኤስዲም ሲሞላ ይዘገያል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በተጻፈበት ቦታ ላይ በቀጥታ ደግሞ መጻፍ አይቻልም፤ አስቀድሞ ሰፋ ያለ ክፍል በአንድነት መደምሰስ አለበት። ለዚህ ሥራ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ቦታ ባዶ መተው የሚመከር ነው።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን አቋማችንን እንግለጽ። ገንዘቡ ውሱን ለሆነ ተማሪ፣ ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ካለው ላፕቶፕ ይልቅ በሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ባለ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለው ይሻለዋል። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመማሪያ መጻሕፍትና የፕሮግራም ልምምዶች በዚህ ውስጥ ተመችቷቸው ይገባሉ። ፊልምና የቆዩ ሰነዶችን ለማከማቸት ሃርድ ዲስክ አሁንም ርካሽና ጠቃሚ ነው፤ በውጭ የሚሰካ ሆኖ ለመጠባበቂያ ቅጂ ሲውል ቦታውን አገኘ እንላለን። ወቀሳችን በዲስኩ ላይ አይደለም፤ ለማከማቻነት የተመቸውን መሣሪያ በየቅጽበቱ ለሚፈለግ አገልግሎት ማዋል ላይ ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ከመግዛቱ በፊት ዲስኩ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይመልከት። ባለ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ በሳታ መግጠሚያ ከተሰካ፣ በዚያው ስፍራ የሚገባ ኤስኤስዲ ማግኘት ይቻላል። ለትምህርት ቤቶችና ለመሥሪያ ቤቶችም የምንለው ይኸው ነው። ኮምፒዩተሮች «ዘገዩ» ተብለው ከአገልግሎት ከመውጣታቸው በፊት መዘግየቱ ከየት እንደመጣ ይመርመር። ችግሩ የዲስክ ሆኖ ሲገኝ አንድ ክፍል መለወጥ መሣሪያውን ለተጨማሪ ዓመታት ሊያሠራው ይችላል። የግዢ መግለጫ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎችም «500 ጊጋባይት ዲስክ» ብለው ብቻ ማቆም የለባቸውም፤ የዲስኩን ዓይነት ሳይገልጹ አቅሙን ብቻ መጻፍ ሻጩ የተረፈውን ቀርፋፋ ዕቃ እንዲያቀርብ በር መክፈት ነው።

ለሳይንስ መምህራንም አንድ ሐሳብ አለን። ክብ እንቅስቃሴን ስናስተምር በገመድ የታሰረ ድንጋይ ማሽከርከራችን መልካም ነው፤ ግን በተማሪው ቦርሳ ውስጥ በሰከንድ 90 ጊዜ የሚዞር ሳሕን ካለ እርሱንም እንጠቀምበት። ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ይወሰድና 1 ጊጋባይት የሚያህል አንድ ፊልም በዚያው ዲስክ ላይ ወደ ሌላ ማኅደር ይገልበጥ፤ ጊዜው በስልክ ይለካ። ቀጥሎ በድምሩ ያንኑ የሚያህሉ ሺህ ትናንሽ ፋይሎች ይገልበጡ። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቀድሞ የተነበበው በራም ውስጥ ተቀምጦ ውጤቱን ያዛባዋል። ተማሪው በሁለቱ ጊዜያት መካከል የሚያየውን ልዩነት ራሱ እንዲያስረዳ ቢጠየቅ ከብዙ ገለጻ የበለጠ ይማራል።

ሳይንስ በዕለት ኑሮ ከሚሰጠን ጥቅም አንዱ ቁጥር ሲነገረን «የምን መለኪያ ነው?» ብሎ መጠየቅን ማስለመዱ ነው። ጊጋባይት የስፋት መለኪያ ነው፤ ሚሊ ሰከንድ የጥበቃ መለኪያ ነው። አንዱ ስለ ሌላው እንዲመሰክር ማድረግ የኩንታልን ቁጥር አይቶ የጭነት መኪናውን ፍጥነት ለመናገር እንደመሞከር ነው። ላፕቶፕ ሊገዛ የተነሣ ተማሪ ይህን አንድ ጥያቄ ይዞ ወደ ገበያ ቢሄድ፣ ይህ ጽሑፍ ዓላማውን አሳክቷል እንላለን።